አፓርታማ ለመከራየት ስታመለክቱ ክሬዲት ቼኩ ስኮራችሁን ምን ያደርገዋል? ከማመልከታችሁ በፊት የሚሠሩ ነገሮች

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤዝመንት ተከራይታ ሁለት ክረምት አሳለፈች። ቤቱ ይበርዳል። ትንሿ መስኮት ከመሬት እኩል ናት። ልጇ ደግሞ አስም አለበት። ለምን አፓርታማ አትፈልጊም ስላት መልሷ ሁሌ አንድ ነበር፦ «ክሬዲቴን ሲያዩት ይወርድብኛል። ስንት ለፍቼ 640 ያደረስኩትን!» 640 የምትለው ክሬዲት ስኮሯን ነው፣ ዕዳዋን እንዴት እንደምትከፍል የሚመዝነውን ቁጥር።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልተን ወረቀቶቿን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍናቸው። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ተዘጋጅታ ማመልከቻ አስገባች። ክሬዲቷ ታየ። ስኮሯ በ4 ነጥብ ወረደ። ለዚህች 4 ነጥብ ነው እንግዲህ ልጁ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያስል ያደረው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ ፍርሃት ስለሚኖሩ ነው። ቼኩ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። ቤት የሚያስከለክለው የክሬዲት ሪፖርቱ፣ ማለትም የዕዳና የክፍያ ታሪካችሁ የተመዘገበበት ወረቀት፣ ሲከፈት ውስጡ የሚገኘው ነገር ነው። እሱን ደግሞ ቀድሞ ማስተካከል ይቻላል። የምጽፈው ስለ አሜሪካ ነው፤ ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ እኔ ከምኖርበት ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አካባቢ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ሁለቱን የቼክ ዓይነቶች ለዩ

ክሬዲታችሁ በታየ ቁጥር ሪፖርታችሁ ላይ ምልክት ይቀራል። ኢንኳየሪ የሚሉት እሱን ነው። ሁለት ዓይነት ነው።

ሶፍት ኢንኳየሪ ስኮራችሁን ንክች አያደርገውም። ራሳችሁ ሪፖርታችሁን ስትከፍቱ፣ ባንክ «ካርድ እንስጣችሁ» ብሎ ደብዳቤ ለመላክ ሲያይ፣ አሠሪ ሲያጣራ፣ ሁሉም ሶፍት ነው። ምልክቱን እናንተ ታዩታላችሁ፣ ሌላ አበዳሪ ግን አያየውም። «ክሬዲት ካርማን ደጋግመሽ አትክፈቺ፣ ይወርድብሻል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ክሬዲት ካርማ ስኮር የሚያሳይ አፕ ነው፤ የሚባለው ግን እውነት አይደለም። በቀን አሥር ጊዜ ክፈቱት፣ ምንም አይሆንም።

ነጥብ የሚወስደው ሀርድ ኢንኳየሪ ነው። ስኮሩን የሚያሰላው ፋይኮ ራሱ እንደሚለው፣ ለአብዛኛው ሰው አንድ ሀርድ ኢንኳየሪ የሚወስደው ከ5 ነጥብ በታች ነው። ሪፖርቱ ላይ 2 ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮ ግን ነጥብ ሲያሰላ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ብቻ ነው የሚቆጥረው። እርግጥ አንድ ካርድ ብቻ ያለው ወይም ክሬዲት ከጀመረ ብዙ ያልቆየ ሰው ላይ ትንሽ ጠንከር ይላል። ይህ ደግሞ ብዙዎቻችንን ይመለከታል።

የቤት ኪራይ ቼክ ታዲያ የትኛው ነው? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚያደናግረው ይህ ነው። የሚወስነው አከራዩ የሚጠቀምበት አጣሪ ድርጅት ነው። ለምሳሌ ስማርት ሙቭ የሚባለው የትራንስዩኒየን አገልግሎት ሶፍት ነው፤ ኢሜይል ይደርሳችኋል፣ ራሳችሁ ገብታችሁ ትፈቅዳላችሁ፣ ስኮራችሁ ባለበት ይቀራል። ሌሎቹ ሀርድ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም፣ ጥያቄውን ታች እጽፈዋለሁ።

ነገሩን በልኩ ለማየት ይህን ያዙ። የፋይኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ነው። 35 በመቶው በጊዜው መክፈላችሁ ነው። 30 በመቶው ያለባችሁ ዕዳ። 15 በመቶው የክሬዲታችሁ ዕድሜ። 10 በመቶው የክሬዲቱ ዓይነት። የቀረው 10 በመቶ አዲስ ክሬዲት ሲሆን ኢንኳየሪ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው፣ እሱም ከሌሎች ነገሮች ጋር ተደርቦ። አንድ የካርድ ክፍያ 30 ቀን አሳልፎ መክፈል ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ እሱ በአንድ ጊዜ ብዙ ነጥብ ይዞ ይወርዳል፣ ሪፖርቱ ላይም 7 ዓመት ይቀመጣል።

ሁለተኛ፦ እነሱ ከማየታቸው በፊት እናንተ እዩት

ይህን ቢያንስ ቤት ከመፈለጋችሁ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩት። ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

የሰውን የክሬዲት ታሪክ የሚይዙ ሦስት መዝጋቢ ድርጅቶች አሉ፦ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን። አንዱ ጋ ያለው መረጃ ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል፣ አከራዩም የትኛውን እንደሚያይ አታውቁም፣ ስለዚህ ሦስቱንም አውጡ። ቦታው አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ይባላል። በነጻ ነው፣ በየሳምንቱ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ካርድ ቁጥር አይጠይቅም። ስሙን የሚመስሉ ሌሎች ድረ ገጾች አሉ፤ ካርድ አስገቡ የሚል ገጽ ካያችሁ ውጡ። ኢንተርኔቱ ካስቸገራችሁ በ1-877-322-8228 ደውላችሁ በፖስታ ማስመጣት ይቻላል።

ሪፖርቱ ስኮር የለውም። ስኮሩን የባንካችሁ አፕ ላይ ወይም ክሬዲት ካርማ ላይ ታዩታላችሁ። ክሬዲት ካርማ የሚያሳየው ቫንቴጅ ስኮር የሚባለውን ነው፤ አከራዩ ፋይኮን ወይም አጣሪው የራሱ ያወጣውን ቁጥር ሊያይ ይችላል። የእነሱ ቁጥር ከእናንተው ጋር ባይገጥም አትደንግጡ።

አሁን ሪፖርቱን እንደ ባንክ ደብተር መስመር በመስመር አንብቡት። ከላይ ከስማችሁ ጀምሩ።

እኛ አበሾች እዚህ ላይ የተለየ ጣጣ አለብን። የአባታችን ስም ነው እዚህ የቤተሰብ ስም የሚሆነው። ተስፋዬ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ የሚጽፍ ሰው ስንት ነው! አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም ይገባል፣ ሌላው ላይ ይቀራል። የትውልድ ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲዞር የተሳሳተም አለ። በዚያ ላይ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሰዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የሌላ ሰው ዕዳ እናንተ ሪፖርት ላይ ሊገባ ይችላል፣ የእናንተ መልካም ታሪክም ለሁለት ተከፍሎ ሊቀመጥ ይችላል። ኖራችሁበት የማታውቁት አድራሻ ካያችሁ የዚህ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቆም በሉና አጣሩ።

ቀጥሎ ኮሌክሽን የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ ሳይከፈሉ ቀርተው ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት የተሰጡ ዕዳዎች የሚታዩበት ነው። የአክስቴን ልጅ ጉድ ያገኘነው እዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረችበትን ቤት ስትለቅ የኢንተርኔቱን ሞደም አልመለሰችም። ረስታው አይደለም፣ የሚወስደው ሰው ይመጣል ብላ ነው። ካርቶን ውስጥ ከትታ ይዛው መጥታ ነበር፤ ያን ቅዳሜ ከአልጋዋ ሥር አወጣችው፣ ገመዱ በላስቲክ እንደታሰረ። ኩባንያው 146 ዶላር ጠይቋት ኖሯል። ደብዳቤው የሄደው ወደ ድሮው አድራሻ ነው። እሷ አላየችውም። ዕዳው ለኮሌክሽን ተሰጠ። ስታስቡት፣ በአንድ ሞደም ምክንያት ነው ስኮሯ 640 ላይ ተቀርቅሮ የቆየው። እሷ ግን የምትፈራው ኢንኳየሪን ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። አስቀድማችሁ ዕዳው የእናንተ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ጠይቁ። የእናንተ ከሆነ «ብከፍል ከሪፖርቴ ላይ ታነሱልኛላችሁ?» በሉ። ግዴታ የለባቸውም፣ የሚያነሱ ግን አሉ። እሺ ካሉ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ያስፍሩላችሁ። ከፍላችሁ ስትጨርሱ «ተከፍሎ አልቋል» የሚል ደብዳቤ ተቀበሉና አስቀምጡት። ሪፖርቱ ላይ ባይነሳ እንኳ ያንን ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ብዙ ይረዳል፤ ሊዚንግ ኦፊስ (የሕንጻው አከራይ ቢሮ) ውስጥ ያለው ሰው ያልተከፈለ ዕዳና የተከፈለ ዕዳ እኩል አያያቸውም።

የእናንተ ካልሆነ ወይም ስህተት ካለበት ዲስፒውት አድርጉ፣ ማለትም ይህ ስህተት ነው ብላችሁ ለመዝጋቢው አመልክቱ። ስህተቱ ሦስቱም ጋ ካለ ለሦስቱም ለየብቻ ነው የሚላከው። ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምረው መልስ መስጠት አለባቸው፣ እስከ 45 ቀን የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ማመልከቻ በገባ ማግስት የተጀመረ ዲስፒውት ለዚያ ቤት አይደርስም።

ሦስተኛ፦ ካርዱን ስቴትመንት ከመውጣቱ በፊት ክፈሉ

ይህቺ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ስኮር ቶሎ የምታነሳ እንደሷ ያለ የለም።

500 ዶላር ሊሚት ያለው፣ ማለትም ቢበዛ 500 ዶላር የምትበደሩበት ካርድ አላችሁ እንበል። በወሩ 400 ዶላር አወጣችሁበት። መክፈያው ቀን ሲደርስ ሁሉንም ትከፍላላችሁ፣ ወለድ የሚባል የለባችሁም። ጎበዝ ነኝ ትላላችሁ፣ ናችሁም። ነገር ግን ባንኩ ለመዝጋቢዎቹ ቁጥሩን የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ (የወሩ ሂሳብ) በተዘጋበት ቀን ነው፣ ያ ደግሞ ከመክፈያው ቀን ሦስት ሳምንት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የሚታየው «ከ500 ውስጥ 400 ተበድሯል» ነው። 80 በመቶ። ለሚያየው ሰው ገንዘብ ያጠረው ሰው ይመስላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስቴትመንቱ የሚዘጋበትን ቀን ከአፑ ላይ እዩ፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ቀን ቀድማችሁ ክፈሉና 30 ወይም 40 ዶላር ብቻ ይቅር። ከ30 በመቶ በታች ጥሩ ነው፣ ከ10 በመቶ በታች ደግሞ የተሻለ። ይህን ማመልከቻ ከምታስገቡበት ወር በፊት ባለው ወር አድርጉት።

በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ መኪና በዱቤ አትግዙ፣ አዲስ ካርድ አትክፈቱ፣ አዲስ ስልክ በወር በወር ክፍያ አትውሰዱ። የቆየ ካርድም አትዝጉ፤ ስትዘጉት ሊሚቱ ይቀንሳል፣ የተበደራችሁት ድርሻ ከፍ ይላል።

አራተኛ፦ ሳትጠይቁ አትፈርሙ

ቤቱን አይታችሁ ወዳችሁታል። ቤቱን ያሳየቻችሁ ሠራተኛ ፈገግ ብላ ታብሌቱን ታቀብላችኋለች፣ እዚህ ጋ ፈርሙ ትላለች። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ፊርማው ክሬዲታችሁን እንዲያዩ የምትፈቅዱበት ነው። እንግሊዝኛው ከጠፋባችሁ ይህን ብቻ በሉ፦ «ኢዝ ዚስ ኤ ሀርድ ፑል ኦር ኤ ሶፍት ፑል?» ፑል የሚሉት ያንኑ ኢንኳየሪ ነው። ይገባቸዋል። በየቀኑ የሚጠየቁት ነው።

ቀጥላችሁ ዝቅተኛው ስኮር ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ገቢስ? ብዙ ቦታ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይፈልጋሉ፤ ኪራዩ 1,800 ከሆነ በወር 5,400 ዶላር ማለት ነው፣ ከታክስ በፊት ያለው ገቢ። ኡበር ለምትነዱ ወይም የራሳችሁ ሥራ ላላችሁ የታክስ ወረቀት ወይም የባንክ ስቴትመንት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ያለ ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ ለየብቻው ያመልክት እንደሆነ፣ ካልተቀበሉን የማመልከቻው ገንዘብ ይመለስ እንደሆነም። መልሳቸው እናንተን የማይመጥን ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ፣ ገንዘባችሁም ነጥባችሁም ይተርፋል።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ከነጥቡ ይልቅ ገንዘቡ ነው የሚያሳስበኝ። ባልና ሚስት፣ አንድ 19 ዓመት የሞላው ልጅ፣ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር። 150 ዶላር። ሦስት ሕንጻ ላይ ብታመለክቱ 450 ዶላር ሄደ፣ ቤት ሳይገኝ። የሦስት ኢንኳየሪ ነጥብ በዓመቱ ይረሳል፣ 450 ዶላር ግን የወር አስቤዛ ነው።

ስለዚህ ሕጉን እወቁ። ኒውዮርክ ውስጥ ለክሬዲትና ለባክግራውንድ ቼክ ከ20 ዶላር በላይ ማስከፈል አይቻልም፣ ባለፈው 30 ቀን የተሠራ ሪፖርት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ጭራሽ አያስከፍሏችሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ የማመልከቻው ክፍያ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ አከራዩ ለሌላ አጣሪ ድርጅት የከፈለው እላዩ ላይ ይጨመራል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ25 ዶላር በላይ ከከፈላችሁ አከራዩ ለማጣራት ያላወጣውን ትርፍ መመለስ አለበት፤ ይህ አንድ ቦታ ላይ 4 ወይም ከዚያ በታች ቤት ብቻ የሚያከራየውን ሰው አይመለከትም።

ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ስለማመልከት አንድ ነገር ልጨምር። «በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ ቼኮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቫንቴጅ ስኮር በ14 ቀን ውስጥ ያሉትን ሰብስቦ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ፋይኮ ግን ይህን ዕድል የሚሰጠው ለቤት መግዣ ብድር፣ ለመኪና ብድርና ለተማሪ ብድር ነው። ስለዚህ ይህ ለኪራይም ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ። አንድ ቦታ አመልክቱ፣ መልሱን ጠብቁ፣ ካልሆነ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ቤቱ እንዳያመልጣችሁ ከፈራችሁ ሁለት ቦታ ይበቃል።

ክሬዲታችሁን ፍሪዝ አድርጋችሁ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያየው ቆልፋችሁት ከሆነ ማመልከቻው በዚያው ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። የትኛውን መዝጋቢ እንደሚጠቀሙ ጠይቁና እዚያ ብቻ ለጥቂት ቀን ክፈቱት። ነጻ ነው፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቃችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ መክፈት አለባቸው። ፍሪዙ ራሱ ስኮር አይነካም።

ክሬዲት ገና ለሌላችሁ

በዲቪ መጥታችሁ ሦስት ወራችሁ ነው እንበል። ስኮር የላችሁም። ይህ ከመጥፎ ስኮር ጋር አንድ አይደለም፣ ግን ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ለሁለቱም «አይሆንም» ይላል። የፋይኮ ስኮር እንዲወጣላችሁ ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ ሂሳብ ያስፈልጋል። አገር ቤት የነበራችሁ የባንክ ታሪክ እዚህ አይታይም። እዚህም ቢሆን ለዓመታት እቁብ ሳታጓድሉ ብትጥሉ የትም አይመዘገብም። ይህ ሁሌ ያሳዝነኛል፤ ከብዙ ሰው የተሻለ የመክፈል ልማድ ያለው ሕዝብ ወረቀት ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል።

እንግዲያው ሌላ ወረቀት አዘጋጁ። የሥራ ደብዳቤ፣ የሁለት ወይም የሦስት ወር ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት)፣ ገንዘብ ያለበት የባንክ ስቴትመንት፣ ቀድሞ ያከራያችሁ ሰው የጻፈው «በጊዜው ይከፍላል» የሚል ደብዳቤ። ኪራይ በካሽ ስትከፍሉ ከኖራችሁ ማስረጃ የላችሁም ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዜል ወይም በቼክ ክፈሉ።

ቤዝመንት ወይም ኮንዶ የሚያከራዩ ግለሰቦች ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ይልቅ ሰው ያነጋግራሉ። እዚያ ላይ ሞክሩ።

«ሦስት ወር ዲፖዚት ልስጥ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ዲሲ ውስጥ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ሜሪላንድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አንድ ወር ብቻ አድርጋዋለች። ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ትፈቅዳለች። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ዋስ ማቅረብ ነው፣ ኮሳይነር የሚሉት። ዋስ የሚሆናችሁ ዘመድ የእሱም ክሬዲት እንደሚታይ፣ ቼኩ ሀርድ ከሆነ የእሱም ጥቂት ነጥብ እንደምትወርድ፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ባትከፍሉ ዕዳው እሱ ላይ እንደሚመጣ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። ሰው በይሉኝታ ይፈርምና በኋላ ቤተሰብ ይበጣበጣል። አይቻለሁ።

ጎን ለጎን ክሬዲቱን ጀምሩ። 200 ዶላር አስይዛችሁ የምታወጡት ሴኪዩርድ ካርድ ይበቃል። ወይም የምታምኑት ዘመድ የቆየ ካርዱ ላይ እንደ ተጨማሪ ተጠቃሚ ያስገባችሁ፤ ካርዱን በእጃችሁ ባትይዙትም ታሪኩ ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ ሪፖርት ይገባል። እሱ ክፍያ የሚያሳልፍ ሰው ከሆነ ግን ያም አብሮ ይመጣል።

እምቢ ካሏችሁ

አብዛኛው ሰው «አልተቀበልናችሁም» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እንዳታደርጉት። ከ1970 ጀምሮ ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። አከራዩ በሪፖርታችሁ ምክንያት ከከለከላችሁ፣ ወይም በዚያው ምክንያት ዋስ አምጡ ካላችሁ፣ ወይም ከሌላው ሰው የበለጠ ዲፖዚት ከጠየቃችሁ ሊያሳውቃችሁ ይገባል። ማስታወቂያው ሪፖርቱን የሰጠውን ድርጅት ስም፣ አድራሻና ስልክ መያዝ አለበት። ስኮር ተጠቅመው ከሆነ ስኮሩን ጭምር። በቃል ብቻ ከነገሯችሁ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ።

ከዚያ ለዚያ ድርጅት በ60 ቀን ውስጥ ጠይቁ፣ ያየውን ሪፖርት በነጻ ይሰጣችኋል። ይህን በደንብ ልብ በሉት፣ ድርጅቱ ከሦስቱ አንዱ ላይሆን ይችላል። ተከራይ የሚያጣሩ ሌሎች ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ከክሬዲቱ በተጨማሪ የፍርድ ቤት መዝገብ ይፈትሻሉ። ከቤት ማስለቀቅ ክስ ሦስቱ መዝጋቢዎች ጋ አይታይም፣ እነዚህ ጋ ግን እስከ 7 ዓመት ሊታይ ይችላል። ኪራይ አንድ ወር ዘግይታችሁ ተከሳችሁ ከዚያ ከፍላችሁ ጉዳዩ ቢያልቅም መዝገቡ ሊወጣ ይችላል። በስምና በአባት ስም ብቻ ተመሳሳይ ሆኖ የሌላ ሰው ክስ የእናንተ ተብሎ የሚመጣውም እዚህ ነው። የትውልድ ቀኑን፣ አድራሻውን፣ የክሱን ዓመት ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ። አሜሪካ ሳትገቡ የተከፈተ ክስ በስማችሁ ቢገኝ የመግቢያችሁን ወረቀት አያይዛችሁ ዲስፒውት አድርጉ። ለአከራዩም ያንኑ ኮፒ ላኩለት፣ ቤቱ ገና ካልተያዘ ውሳኔውን ሊቀይር ይችላል።

ሊንክ የሚልክ «አከራይ»

ቤቱን ሳያሳያችሁ «ስኮርህን በዚህ ሊንክ አውጥተህ ላክልኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሶሻል ቁጥራችሁን አታስገቡ። ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ በጣም የረከሰ፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ነኝ የሚል፣ የሚያስቸኩል። ቤቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ሰውየውን አግኙ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሶሻል የሚሰጠው።

ቁልፉን ከተቀበላችሁ በኋላ

መብራትና ኢንተርኔት ስታስገቡ እነሱም ክሬዲት ሊያዩ ይችላሉ። ያንኑ ጥያቄ ጠይቋቸው፣ ሀርድ ነው ወይስ ሶፍት። አንዳንዱ ትንሽ ዲፖዚት ከሰጣችሁት ቼኩን ይተወዋል።

አዲሱን አድራሻ ለባንክ፣ ለስልክ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለሁሉም ንገሩ። ፖስታ ቤትም ደብዳቤያችሁን ወደ አዲሱ ቤት እንዲያዞር አስመዝግቡ። የአክስቴ ልጅ ዕዳ ሦስት ዓመት ያህል የተደበቀው አንድ ፖስታ የተሳሳተ በር ስር ስለገባ ነው።

ሕንጻው ኪራያችሁን ለክሬዲት መዝጋቢዎች የሚልክ ከሆነ ጠይቁና ግቡበት። አዳዲሶቹ ስኮሮች ይቆጥሩታል፣ የምትከፍሉት ደግሞ በጊዜው እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው የሚጠቅማችሁ።

ከድሮው ቤት የወጣውን ሞደም ደግሞ ራሳችሁ ወስዳችሁ መልሱ። ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ደረሰኙንም ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በዓመቱ ጽሑፉ ይጠፋል።